የመኪናን ቀለም የሚጎዳው አቧራው ነው ወይስ አስተጣጠቡ?

ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ መኪና ታጥቦና ተወልውሎ ጥላ ውስጥ ሲቆም እንደ መስታወት ያበራል። ያንኑ መኪና ወደ ቀትር ፀሐይ አውጥተን ኮፈኑን ብንመለከት ግን በፀሐይዋ ምስል ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ፣ ክብ ክብ እየሠራ የሚሄድ የጭረት መረብ ይታየናል። ባለንብረቱ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን በመንገዱ፣ በፀሐዩ ወይም በመኪናው ዕድሜ ያሳብባል። የፊዚክስና የኬሚስትሪ መልስ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከእነዚህ ጥቃቅን ጭረቶች የሚበዙት የሚፈጠሩት መኪናው በሚነዳበት ሰዓት ሳይሆን በሚጸዳበት ሰዓት ነው።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። በአገራችን መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ለአሥርት ዓመታት የሚያገለግል የቤተሰብ ጥሪት ነው። ገዢም ሲመጣ ከሞተሩ ቀጥሎ የሚጠይቀው «የፋብሪካ ቀለሙ ነው ወይስ ተቀብቷል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ምክንያት አለው። በፋብሪካ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት የተጋገረውን ልባስ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ መሥራት አይቻልም፤ በዚያ ሙቀት የተገጣጠመው መኪና ፕላስቲክ፣ ጎማና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አይተርፍምና። ስለዚህ ዳግመኛ የሚቀባ መኪና ማጠንከሪያ የተቀላቀለበት ሌላ ዓይነት ቀለም ይረጭበታል። ማጠንከሪያው ብዙውን ጊዜ አይሶሲያኔት የተባለ ውሁድ ስላለበት ያለ ተገቢ ጭምብል የሚረጨው ሠራተኛ ለአስም ሕመም ይጋለጣል። መኪና ያለ ጊዜው ወደ ቀለም ቤት እንዳይሄድ ማድረግ እንግዲህ ገንዘብም ሳንባም ማዳን ነው።

ቀለም ስንል ምን ማለታችን ነው?

ለዓይን አንድ ይምሰል እንጂ ዘመናዊ መኪና የሚለብሰው አራት ተደራራቢ ልባስ ነው። በመጀመሪያ የመኪናው አካል በሙሉ ቀለም በያዘ ገንዳ ውስጥ ይጠልቅና የኤሌክትሪክ ጅረት ይለቀቅበታል፤ በውኃው ውስጥ የተበተኑት ሙል ያላቸው የቀለም ቅንጣቶች ወደ ብረቱ እየተሳቡ በየስርቻው ይለጠፋሉ። ዝገትን የሚከላከለው ይህ ልባስ ውፍረቱ 20 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ማይክሮሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ በላይ ገጹን የሚያስተካክለውና የጠጠርን ምት የሚያበርደው መሠረት ቀለም ከ30 እስከ 40 ማይክሮሜትር ይደረባል። ቀዩ፣ ሰማያዊው ወይም ብርማው ኅብር ያለበት ሦስተኛው ልባስ ከሁሉም የሳሳ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። በመጨረሻ ምንም ኅብር የሌለው፣ ብርሃን አሳላፊ የሆነ የፖሊመር ልባስ ከ40 እስከ 50 ማይክሮሜትር ይረጭበታል። አራቱም ሲደመሩ የሁለት ፀጉር ዘለላ ውፍረት ቢያህሉ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መኪና በብሩሽና በዘይት ቀለም ይቀባ ስለነበር ሥራው ሳምንታት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ዱኮ የተባለውን የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ለጀነራል ሞተርስ መኪኖች ሲያቀርብ መድረቂያው ወደ ሰዓታት ወረደ፤ ስሙም በብዙ አገሮች የርጭት ቀለም ሁሉ መጠሪያ ሆነ። አሳላፊው የላይ ልባስ በሰፊው የተለመደው በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪኖች፣ እንዲሁም ብዙ ነጭ የሥራ መኪኖች፣ ኅብሩና ማብሪያው አንድ ላይ በሆነ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ልዩነቱን ለማወቅ በማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ አሳላፊ ልባስ የለም፤ ካልያዘ የታሸው ግልጹ ልባስ ነው።

ይህ ግልጽ ልባስ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ማብራት ነው። ሁለተኛውና የሚዘነጋው ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረርን ማጣራት ነው። በውስጡ ጨረሩን የሚውጡና በጨረሩ የተነሣ የሚፈጠሩ ነፃ ራዲካሎችን የሚያከሽፉ ኬሚካሎች ተቀላቅለዋል። የጨረሩ መጠን በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ደጅ የሚያድር መኪና ከባሕር ጠረፍ መኪና ይልቅ ይህ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። በቆዩ መኪኖች ጣሪያና ኮፈን ላይ የምናየው እንደ ቆዳ የሚቀረፍ ነጣ ያለ ገጽ ማጣሪያው ያለቀበት ልባስ ነው። ልባሱ እንደ ቆዳ ራሱን አያድስም፤ በጭረትም ሆነ በፖሊሽ የተፋቀው ማይክሮሜትር አይመለስም።

ጭረቱ እንዴት ይፈጠራል? ለምንስ ክብ ሆኖ ይታያል?

ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ መሠረት አንዱ ነገር ሌላውን መጫር ከቻለ ከእሱ ይጠነክራል። መለኪያው ከ1 እስከ 10 ሲሆን አልማዝ 10 ነው። የአሸዋ ዋና ክፍል የሆነው ኳርትዝ 7፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ውስጥ የሚበዛው ፌልድስፓር 6፣ የቢላዋ ብረት 5.5 ገደማ ናቸው። የመኪናው ልባስ ፖሊመር እንደመሆኑ ከእነዚህ ሁሉ በእጅጉ የላላ ነው። አቧራ ደግሞ የደቀቀ ድንጋይ ነው። በመኪናው ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ አቧራ ምንም አይጭርም፤ የሚጭረው ከላይ የሚጫነውና የሚጎትተው እጅ ሲያገኝ ነው። የብርጭቆ ወረቀት የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ወረቀት፣ ጠጣር ቅንጣትና የሚገፋ እጅ። አቧራ ያለበትን መኪና በደረቅ ጨርቅ የሚያብስ ሰው ሦስቱንም አሟልቷል ማለት ነው።

የእሳተ ገሞራ አመድ ከተራ አቧራ የባሰ ነው፤ ስል ጠርዝ ካላቸው የብርጭቆ ስባሪዎች የተሠራ ነውና። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በአካባቢው ያሉ መንደሮች በአመድ ተሸፍነው ነበር። እንዲህ ዓይነት አመድ ያረፈበትን መኪና በብዙ ውኃ ሳያጥቡ በእጅ መንካት የሚመከር አይደለም።

አሁን ወደ ክቦቹ እንመለስ። ብዙ ሰው ጭረቶቹ ክብ የሆኑት አጣቢው እጁን እያዞረ ስላሸ ይመስለዋል። እውነታው ግን ጭረቶቹ በሁሉም አቅጣጫ የተጋደሙ መሆናቸው ነው። እያንዳንዱ ጭረት ጠባብ ቦይ ነው። የቦዩ ግድግዳ ብርሃንን የሚያንጸባርቀው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ሳይሆን ከቦዩ ርዝመት ጋር በተሻገረ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በሺህ ከሚቆጠሩት ጭረቶች መካከል ብርሃናቸው ወደ ዓይናችን የሚደርሰው በፀሐይዋ ምስል ዙሪያ እንደ ክብ ጠርዝ የተጋደሙት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት አሉ ግን አይታዩም። ይህን ለማረጋገጥ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ለዓመታት የታጠበ የብረት ትሪ ከአምፖል ሥር ይዞ መመልከት ይበቃል። ትሪው ወይም አምፖሉ ሲንቀሳቀስ ክቦቹም አብረው ይጓዛሉ። ጭረቱ ራሱ ክብ ቢሆን ኖሮ ከቦታው ባልተንቀሳቀሰ ነበር።

በየሰፈሩ ከሚታዩት ልማዶች ሁሉ በእኔ አስተያየት ጎጂው ሌሊት ጤዛ ያረፈበትን መኪና በማለዳ በአንዲት እርጥብ ጨርቅ ማበስ ነው። ጤዛው አቧራውን አጣብቆታል እንጂ አላጠበውም፤ ጨርቁም የትናንቱን አሸዋ እንደያዘ ነው። ይህን በቅንነት በየቀኑ የሚያደርግ ጥበቃ በዓመት ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ መኪናውን እየሞረደው ነው። ከዚህ ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን በደንብ ታጥቦ በሌላው ቀን አቧራውን እንደለበሰ ቢውል ይሻለዋል። መስታወቱንና ስፖኪዮውን ብቻ ማጽዳት ለማየት ይበቃል።

የባልዲው ፊዚክስ

እንግዲህ የአስተጣጠብ ጥበብ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይጠቃለላል፤ ጠጣሩን ቅንጣት ሳንጫነውና ሳንጎትተው እንዴት እናንሣው?

የመጀመሪያው መልስ ሳይነኩ ማጠብ ነው። ውኃ በአቧራውና በቀለሙ መካከል ሲገባ የሚያያዛቸው ኃይል ይላላል፤ ከባዶቹ ቅንጣቶች ከውኃው ጋር ይወርዳሉ። ስለዚህ ስፖንጅ ከመነሣቱ በፊት መኪናው ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ውኃ ሊፈስበት፣ ጭቃ የደረቀበት ቦታም ጥቂት ደቂቃ ሊርስ ይገባል። የግፊት ውኃ ያለው ላቫጆ ይህን በቀላሉ ያደርገዋል። አፈሙዙ በጣም ከተጠጋ ግን የተሰነጠቀን ወይም በጋራዥ የተቀባን ቀለም ሊቀርፍ ስለሚችል ቢያንስ የአንድ ክንድ ርቀት መጠበቅ ያሻል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የአትክልት ውኃ ማጠጫና ሁለት ወይም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቂ ናቸው።

ሁለተኛው መልስ ባልዲው ውስጥ ነው። በአንድ ባልዲ የሚያጥብ ሰው ከመኪናው ያነሣውን አሸዋ ወደ ሳሙናው ውኃ ይዞ ይመለሳል፤ መልሶም መኪናው ላይ ያሸዋል። በሁለት ባልዲ ሲሠራ ግን አንዱ የሳሙና ውኃ፣ ሌላው የማለቅለቂያ ንጹሕ ውኃ ይሆናል፤ ስፖንጁ ከመኪናው ተነሥቶ ወደ ሳሙናው ከመግባቱ በፊት በንጹሑ ውስጥ ይለቀለቃል። ማለቅለቂያው ራሱ ቶሎ አይቆሽሽምን? ለዚህ መልስ የሚሰጠን ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ያሳተመው ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት አንዲት ድቡልቡል ቅንጣት በፈሳሽ ውስጥ የምትሰምጥበት ፍጥነት ከስፋቷ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ስፋቷ 0.05 ሚሊሜትር የሆነ የኳርትዝ ቅንጣት በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 2 ሚሊሜትር ገደማ ትወርዳለች፤ 25 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለውን ባልዲ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። ስፋቷ በአምስት እጥፍ ያነሰችው፣ ማለትም የ0.01 ሚሊሜትሯ፣ ፍጥነቷ በ25 እጥፍ ስለሚቀንስ ለዚያው መንገድ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ያስፈልጋታል። ጥልቅ ጭረት የሚያወጡት ደግሞ ትልልቆቹ ናቸው።

ከዚህ ስሌት ሁለት ተግባራዊ ነገር ይገኛል። የማለቅለቂያውን ባልዲ ግርጌ አለማማሰል፣ ስፖንጁንም በላይኛው ውኃ ብቻ ማለቅለቅ አንድ ነው። ሌላው ደግሞ በባልዲው ግርጌ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሳህን ገልብጦ ማስቀመጥ ነው፤ የሰመጠው አሸዋ ከሥሩ ይቀራል፣ እጅም አይደርስበትም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ወንፊት በውጭ አገር ይሸጣል፤ ገልባጩ ሳህን ግን ከእሱ የሚያንስበት ነገር የለም።

ስፖንጅ ራሱ ምርጥ መሣሪያ አይደለም። ገጹ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቅንጣቱን ከቀለሙ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ረጃጅም ፀጉር ያለው የሱፍ ወይም የማይክሮፋይበር ጓንት ቅንጣቱን ወደ ፀጉሩ ሥር ስቦ ከቀለሙ ያርቀዋል። ማይክሮፋይበር ማለት ከፖሊስተርና ከፖሊአሚድ የተሠራ፣ ከሐር ክር የቀጠነ ጭረት ነው። ጨርቁ አንድ ጊዜ መሬት ከወደቀ በደንብ ታጥቦ እስኪራገፍ ድረስ ወደ መኪናው መመለስ የለበትም። እጅ የሚሄደው ከላይ ወደ ታች፣ በቀላል ግፊትና በቀጥታ መስመር ነው። የበሮቹ የታችኛው ክፍልና ቸርኬው መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅና በሌላ ውኃ ይታጠባሉ፤ በዚያ ከፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ አለና።

ሳሙና፣ «ኦሞ»ና ናፍጣ

የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ውኃ ወዳድ፣ ሌላው ጫፍ ውኃ ጠል ነው። ውኃ ጠሉ ጫፍ ቅባቱን ይዞ ውኃ ወዳዱ ወደ ውኃው ሲጎትተው ቅባቱ በትናንሽ ጠብታ ተከፋፍሎ ይታጠባል። ለመኪና ግን ሳሙናው ከዚህ የማያንስ ሌላ ጥቅም አለው፤ በጓንቱና በቀለሙ መካከል የሚያሙለጭልጭ ስስ ሽፋን ሆኖ ሰበቃን ይቀንሳል። የመኪና ሻምፑ በዋናነት የሚዘጋጀው ለዚህ ነው፤ የፒኤች መጠኑም ወደ 7 የተጠጋ ነው።

በአገራችን ብዙ መኪና የሚታጠበው በተለምዶ «ኦሞ» በሚባለው የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው። ይህ ዱቄት ሶዲየም ካርቦኔት ስለሚገባበት በውኃ ሲሟሟ ፒኤቹ 10 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። አንዳንዶች እንደሚሉት ቀለሙን በአንድ ቀን አይበላም፤ የተጋገረ ልባስ አጭር ቆይታን ይቋቋማል። ጉዳቱ በሌላ መንገድ ነው። የተቀባውን ሰም ጠርጎ ይወስዳል፤ ያልሟሟው ደቃቅ ራሱ እንደ አሸዋ ይጭራል፤ በፀሐይ በጋለ ብረት ላይ ከደረቀ የማይለቅ ነጭ ምልክት ይተዋል፤ ያልተሸፈነ አልሙኒየምንም ያጠቁራል። ሌላ ከሌለ ግን ጥቂቱን በሌላ ዕቃ ውስጥ ጨርሶ አሟሙቶ፣ በብዙ ውኃ አቅጥኖ፣ በጥላ ሥር መጠቀምና ቶሎ ማለቅለቅ ይቻላል። በደረቅ ጨርቅ ከማሸት ይህ አሥር ጊዜ ይሻላል።

ናፍጣ የነካካ ጨርቅ የሚያመጣው አንጸባራቂነት ደግሞ የብርሃን ሕግ የሚያስረዳው ማታለል ነው። ጭረት የሚታየው ብርሃን ከአየር ወደ ልባሱ ሲገባ በቦዩ ግድግዳ ላይ ስለሚበተን ነው። የልባሱ የስብረት መለኪያ 1.5 ገደማ ሲሆን የናፍጣውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ናፍጣው ቦዩን ሲሞላው ብርሃኑ ልዩነቱን አያውቀውም፤ ጭረቱም ይሰወራል። በቀጣዩ ቀን ግን ያው ቅባት የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል፣ የበርና የመስኮት ጎማዎችንም ያሳብጣል። በርካሽ ፖሊሾች ውስጥ ያለው ዘይትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ስለሆነ «ጠፋ» የተባለው ጭረት ከሁለት ሦስት እጥበት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

የታጠበው ቆሻሻ የት እንደሚሄድም መታሰብ አለበት። መኪናን ሐይቅ ዳር አውርዶ ማጠብ በአንዳንድ ከተሞቻችን የተለመደ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ሳሙናና ዘይት ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ የለም። በተጨማሪም የባሕር ዳርቻ ውኃ ደለል ያዘለ ስለሆነ ለቀለሙም ቢሆን ደኅና ውኃ አይደለም።

የደረቀ ጠብታና የወፍ ኩስ

ውኃ በፀሐይ ላይ በደረቀ ጊዜ ጠብታው እንደ አጉሊ መነጽር ሆኖ ቀለሙን ያቃጥላል የሚል እምነት አለ። ስሌቱ ይህን አይደግፍም። በጠፍጣፋ ገጽ ላይ የተቀመጠች የውኃ ጠብታ ብርሃንን የምትሰበስበው ከጠብታዋ ሬዲየስ ሦስት እጥፍ ገደማ ርቀት ላይ ነው፤ ቀለሙ ግን ከጠብታዋ ሥር ተጣብቆ ስላለ ነጥቡ ከእሱ እጅግ አልፎ ይወድቃል። ምልክቱን የሚተወው ማዕድን ነው። የጉድጓድ ውኃ የካልሲየምና የማግኒዥየም ባይካርቦኔት ይይዛል፤ ውኃው ሲተን ካልሲየም ካርቦኔት ነጭ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ቅርፊት ከዚሁ የተሠራ ነው። ትኩስ ቀለበት በውኃ በቀጠነ ኮምጣጤ ይሟሟል፤ ወዲያው በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ እንጂ አሲዱን አቆይቶ መተው አይገባም። ከሁሉ የሚሻለው ግን መኪናው ከጋለ ጥላ ሥር እስኪበርድ ጠብቆ ማጠብና በንጹሕ ማይክሮፋይበር እየነካኩ ውኃውን ማስመጠጥ ነው።

የወፍ ኩስ የበለጠ አደገኛ ነው። ዩሪክ አሲድ አለበት፤ ከዚህም በላይ የፖሊመሩን ሰንሰለት በውኃ አማካይነት የሚበጥሱ የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች እንዳሉበት በኢራን የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ፀሐይ ያጋለው ልባስ ሲለሰልስ ጉዳቱ በሰዓታት ውስጥ ይገባል። የደረቀውን በጥፍር መፋቅ በኩሱ ውስጥ ያለውን የጥራጥሬ ገለባና ጠጠር በቀለሙ ላይ መጎተት ነው። እርጥብ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ጣል አድርጎ ማራስ፣ ከዚያ ወደ ላይ ማንሣት ይበቃል። የዛፍ ሙጫ በአልኮል ይለቃል። ብየዳ ቤት አጠገብ የሚቆም መኪና ደግሞ ከብረት መቁረጫ የሚፈናጠር ብልጭታ ቀለሙ ውስጥ ተተክሎ ከሳምንት በኋላ የዝገት ነጥብ ያወጣል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ ማቆሚያ መፈለግ ነው።

ፖሊሽ፣ ሰምና «ሴራሚክ»

እውነተኛ ፖሊሽ ደቃቅ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ያለበት መሞረጃ ነው። ጭረቱን የሚያጠፋው ሞልቶት ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ልባስ እስከ ቦዩ ግርጌ ድረስ ዝቅ አድርጎ ነው። ብዙው የእጥበት ጭረት ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ስለሚጠልቅ አንድ ሁለት ጊዜ ማድረግ ይቻላል። በየበዓሉ በማሽን የሚወለወል መኪና ግን ከ40 ማይክሮሜትር ማጣሪያው ላይ እየቆረሰ ነው። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ጭረት በፖሊሽ ለማጥፋት የሚያስቸግር ጥልቀት አለው፤ እሱን መተው ወይም ለቀለም ባለሙያ ማሳየት ይሻላል።

ሰም ከዚህ ፈጽሞ ይለያል፤ አይፍቅም፣ ይደርባል። ረጃጅም የሃይድሮካርቦን ሰንሰለቶቹ ውኃ ጠል ስለሆኑ ውኃ በላዩ ሳይነጠፍ ይድቦለቦላል፤ ቆሻሻም በቀላሉ አይጣበቅም፤ የወፍ ኩስም በቅድሚያ የሚያገኘው ሰሙን ነው። ኢትዮጵያ በንብ ሰም ምርት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት፤ ታዲያ ለምን ከውጭ የሚመጣ ሰም እንገዛለን? መልሱ የመቅለጫ ሙቀት ነው። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል፤ በፀሐይ የዋለ ጥቁር ኮፈን ደግሞ ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል፤ ሰሙ ይለሰልስና አቧራ ይይዛል። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ሰም ግን እስከ 82 ዲግሪ ሳይቀልጥ ይቆያል፤ ከንብ ሰምም የበለጠ ይጠነክራል። ሁለቱን መቀላቀል የተለመደ ነው፤ የንብ ሰሙ ለማሸት እንዲመች ያለሰልሰዋል። ሰም በታጠበና በበረደ መኪና ላይ በጣም በስሱ ይቀባል። ወፍራም አድርጎ መቀባት ለመጥረግ ከማድከም በቀር የሚጨምረው የለም። ዕድሜው እንደ አጠቃቀሙ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ነው።

በቅርብ ዓመታት «ሴራሚክ» የሚባል ሽፋን ገበያውን ይዟል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በብዛት የገቡት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባለቤቶችም ይጠይቁታል። ነገሩ ከአየር እርጥበት ጋር ተዋህዶ የሲሊካ መረብ የሚሠራ የሲሊኮን ውሁድ ነው፤ ከሰም በላይ ይቆያል፣ አልካሊንም ይቋቋማል። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው «9ኤች» ግን ብዙዎችን ያሳስታል። አንዳንዱ በሞስ መለኪያ 9፣ ማለትም ከኳርትዝ የጠነከረ ይመስለዋል። መለኪያው የእርሳስ መለኪያ ነው፤ 9ኤች የተባለው ጠንካራ እርሳስ ሽፋኑን አልጫረውም ማለት ብቻ ነው። የእርሳስ እምብርት ከግራፋይትና ከሸክላ የሚሠራ ነው፤ አሸዋ ሁለቱንም ይጭራል። ውፍረቱ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ ሽፋን የጠጠርን ምት ሊያቆም አይችልም። ለዚያ የሚሆነው ከ150 እስከ 200 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የፖሊዩሬታን ፊልም ነው፤ ዋጋው ግን ከሰም ጋር አይወዳደርም።

በእኔ ግምት ሁለት ባልዲና ንጹሕ ጓንት ሳይኖር «ሴራሚክ» ማስቀባት ገንዘብን አሸዋ ላይ ማፍሰስ ነው። ሸራ ማልበስም እንዲሁ ነው፤ አቧራ ያለበትን መኪና ሸራ ካለበሱት ነፋሱ ሸራውን ሌሊቱን ሙሉ እያወዛወዘ አቧራውን ያሽበታል። ሰሙ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ታጥቦ የጸዳ ኮፈን ላይ ጥቂት ውኃ ማፍሰስ ይበቃል። ውኃው ተድቦልቡሎ ከወረደ አለ፤ እንደ አንሶላ ተነጥፎ ከቀረ ግን አልቋል። ፈተናው ከመታጠቡ በፊት ከተደረገ ያሳስታል፤ የቆሸሸ ገጽ ሰም እያለውም ውኃን ይነጥፋልና።